ሁለት ሰው የሚያጥፈው አንሶላ

«ቦታው ያንቺ ነው አልኩሽ እኮ፤ ፈተናውን ብቻ እንደምንም እለፊልኝ» የሚለው ድምፅ የደረሰን ከቆሸሸ አንሶላ ጋር ነው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነበር፤ መስኮት የለውም። ከጣሪያው መሀል ሰፊ የቆርቆሮ ቱቦ ይወርዳል። ቱቦው ፎቆቹን ሁሉ ሰንጥቆ እስከ ላይ ይዘልቃል፤ በየፎቁም ትንሽ በር አለችው። አልጋ አንጣፊዎቹ አንሶላውን፣ ፎጣውን፣ እንግዳ ያስታወከበትን ብርድ ልብስ ሳይቀር በዚያች በር ይወረውሩታል፤ እኛ ጭንቅላት ላይ ይወርዳል። ጉሮሮው እንለዋለን። በሯን ሳይዘጋ አጠገቧ ቆሞ የሚያወራ ሰው ሳያውቀው እኛ ጆሮ ውስጥ ነው የሚያወራው። በዚያ ጉሮሮ ስንቱን ሰምተናል። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የእንግዳ መቀበያው ልጅ «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ለፍቅረኛው ሲዋሽ፣ ብቻውን የመጣ ሽማግሌ እንግዳ ሲያለቅስ። ያን ዕለት ጠዋት የሰማነው ግን ክራባትን ነበር።

ክራባት የምንለው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊውን ነው። ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ቀን እንኳ አንገቱን አይፈታም። «ሥራ አስኪያጁ ፈተናውን ራሴ አርማለሁ ባይል ኖሮ ይሄን ያህል አላስቸግርሽም ነበር» አለ ድምፁ። ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ የማይሰማ ነገር መለሰችለት። ከዚያ የአንሶላ ክምር ዱብ አለና ወሬውን ዘጋው።

የአንሶላውን አንድ ጫፍ እኔ ይዣለሁ፤ ሌላውን እታለም። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እዚያ ምድር ቤት ያስገባችኝም፣ ማጠፍ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ፊቷን አየሁት፤ ሰምታለች። ፎጣ የምትደረድረው፣ ሬዲዮ የምንላት ሴት ግን ስሟን ያገኘችው ያለ ነገር አይደለም፤ ወዲያው ከፈተችው።

«ሰማችሁ? ሰማችሁ አይደል? ቦታው ተበላ በሉኛ! እኔ ድሮም ብያለሁ!»

«ምን ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት እታለም።

«ባልልም አስቤ ነበር።»

እታለም ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ሳል ሆነ፤ ሳሉም አልቆም ብሎ አንሶላው በመሀላችን ተንቀጠቀጠ። ጫፉን አለቀቀችም፤ ንጹሕ አንሶላ ወለል ነክቶባት አያውቅም።

ስለዚያ ቦታ ልናገር፤ ያኔ ለእኛ ከዚያ ሌላ ነገር ዓለም ላይ አልነበረምና። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ንጹሕ ልብስ የሚቀመጥበት ክፍል አለ። መደርደሪያ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ደግሞም የሚከፈት መስኮት አለው። እዚያ የምትሠራው ሴት አንሶላ ትቆጥራለች፣ ትሰጣለች፣ ትቀበላለች፤ እንፋሎት የለም፣ በረኪና የለም፣ እርጥብ ክምር መጎተት የለም። ጤና ጣቢያ ያያት ሐኪም እታለምን «ከዚያ እንፋሎት ውጪ፤ መድኃኒቱ እሱ ነው» ብሏት ነበር። የሳል ሽሮፕም አዘዘላት። ሽሮፑን ገዛን፤ የገዛንበት ዋጋ፣ ላይኛው ፎቅ ያለ አንድ እንግዳ ለአንድ ሲኒ ሻይ የሚከፍለውን አይሞላም፤ ለእኛ ግን ወር ሙሉ ይሰማን ነበር። መውጣቱ ነው ያስቸገረን። ከእንፋሎቱ ወጥታ የት ትሂድ? ሌላ ሥራ ማን ይሰጣታል? የዚያ ክፍል ሴትዮ ጡረታ ልትወጣ ነው ሲባል፣ እታለም ማታ ቤት ገብታ መስኮታችንን ከፍታ ቆመች። መስኮታችን የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚከፈተው። «አስቢው እስቲ ሚጢ» አለችኝ፣ «ቁጭ ብዬ እየተነፈስኩ ይከፈለኛል።»

ለዚያ ቦታ ግን፣ እንደ ላይ ፎቅ ሥራ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ግድ ነበር። ለምን? አንሶላ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚቆጠረው? እንግዳ ፎጣ ሲያንሰው ይደውል ይሆናል ተባለ። ይሁን፤ ፎጣ ስጡኝ ሲላት ፎጣ መስጠት እታለም አያቅታትም ነበር። ፈተናው ግን ስለ ፎጣ አይጠይቅም። አንድ ገጽ ነው፤ ከየት እንዳመጡት እንጃ። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ባዶ ቦታ ይተዉና ከሥሩ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብለው አራት መስተጻምር ይደረድራሉ፤ «ኤንድ» ነው፣ «በት» ነው፣ «ቢኮዝ» ነው፣ «አንለስ» ነው፤ ትክክለኛውን ምረጪ ይሉሻል። ገጹ ሙሉ እንደዚያ ነው። አንድ ስሙ የማይነገር ሰውዬ አለ፤ ገጹን ሙሉ መከራውን ያያል። ታሞ ነበር፣ ባዶ ቦታ፣ ሥራ ሄደ። ዘነበ፣ ባዶ ቦታ፣ ዣንጥላ አልያዘም። ባቡሩ አመለጠው፣ ባዶ ቦታ፣ ዘግይቶ ተነሥቷል። ስም አወጣንለት፤ አቶ ባዶ ቦታ። እታለም ታዝንለት ነበር። «ይሄ ሰውዬ ተኛ የምትለው እህት እንኳ የለችውም?» ትላለች።

ፈተናው ዓመት በመጣ ቁጥር ያው አንድ ገጽ ነበር። ክራባት ሌላ ገጽ ለመፈለግ አይደክምም። ከእኛ በፊት የተፈተኑ ሴቶች አንዷ የመጀመሪያዎቹን፣ አንዷ የመጨረሻዎቹን መልሶች በቃላቸው ይዘው ወረዱ፤ ያለፈችው ያላለፈችውን አረመች፤ በስተመጨረሻ ሙሉው መልስ ዜማ ሆነ። አንሶላ ሁለት ሰው ነው የሚያጥፈው። ተራርቀሽ ትዘረጊያለሽ፣ ትወጥሪያለሽ፣ ትቀራረቢያለሽ፣ ጫፍሽን ለጓደኛሽ ሰጥተሽ ጎንበስ ብለሽ እጥፋቱን ታነሺያለሽ፣ እንደገና ትርቂያለሽ። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ፊደል ይባላል። ቢ ብለሽ ትወጥሪያለሽ፣ ዲ ብለሽ ትቀርቢያለሽ፣ እንደገና ዲ፣ ኤ፣ ሲ። የምድር ቤቱ ሴቶች ሁሉ፣ ሊፈተኑ የማያስቡት ጭምር፣ እንዲያ ነው የሚያጥፉት። ያለ ዜማው እጅ አይታዘዝም፤ አንዷ ስትቀርብ አንዷ ትርቃለች፤ አንሶላው ይጣመማል። የዜማው አውራ እታለም ነበረች።

«እንግዲህ ተረጋጊ» አልኳት ያን ዕለት፣ ሬዲዮ ወደ ማድረቂያው ስትሄድ ጠብቄ። «የሚያርመው ሥራ አስኪያጁ ነው። ልጅቷ ዜማውን አታውቅም። ትወድቃለች። አንቺ ሙሉ ታመጫለሽ። ክራባት ምን ብሎ ይከራከራል?»

«ምስኪን» አለች እታለም።

«ማን? ክራባት?»

«ልጅቷ። ድምፅዋን አልሰማሽም? አሥር ቀን እህል ያልቀመሰች ነው የምትመስለው።»

እንዲህ ነበረች እህቴ። ሰው ሊውጣት አፉን ሲከፍት ጥርሱን ያመው እንደሆነ ትጠይቃለች። በዚህ ነገሯ በሕይወት እያለችም እናደድ ነበር፤ ዛሬም እናደዳለሁ።

ረፋዱ ላይ የፈረቃ ኃላፊዋ ጠራችኝ፤ ከኋላ ክፍል ያለው ማሽን ተዘግቶ አልከፈት ብሎ ነበርና እርጥቡን ክምር በእጅ መጎተት ነበረብን። ስንታገል ቆየን። እጄ በረኪና በረኪና እየሸተተ ስመለስ ከበሩ ሳልገባ ዜማውን ሰማሁት። ቢ፣ ዲ፣ ዲ፣ ኤ። የሚመልሰው ድምፅ ግን የእኔ አይደለም፤ የሬዲዮም አይደለም።

አንዲት ልጅ የአንሶላውን ጫፍ ይዛ እታለም ፊት ቆማለች። የሰው ቀሚስ ነው የለበሰችው፤ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። እጆቿ ግን የሥራ እጆች ናቸው፤ ጣቶቿ በሳሙና የተቆራረጡ፤ ማጠብ የምታውቅ ልጅ እጅ ነው። እታለም ቀስ ብላ ትላታለች፤ ልጅቷ ትደግመዋለች፤ ይራራቃሉ፤ ይቀራረባሉ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኩ።

«አንሶላ እያጠፍኩ ነዋ» አለች እታለም ቀና ሳትል።

ልጅቷ ደነገጠች። «እትዬ፣ ልሂድ እንዴ?» አለቻት። ያቺ ቀጭን ድምፅ።

«ጫፉን እንዳትለቂው። ወለሉ እርጥብ ነው።»

ልጅቷን ክራባት ነው የላካት። ራሷ ነገረችን፤ ውሸት የሚባል ነገር የለመደች አትመስልም። ጋሼ ትለዋለች፤ የሚስቱ የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ቤቱ ገባች፤ ገብታ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ሥራ ካልያዘች ግን ወደ መጣሽበት ተብላለች፤ የመጣችበት ደግሞ አሁን ማንም የለም። ታዲያ መልሱን እኛ ዘንድ እንደምታገኝ ክራባት እንዴት አወቀ? ልጅቷ ቀና ብላ ወደ ጣሪያው አየች። «ላይ ድረስ ይሰማል እኮ» አለች፣ «ሲያጥፉ ሁሉ ይሰማል። በማሽኑ ጩኸት ግማሹ ስለሚጠፋ ነው ውረጂና አብረሻቸው አጥፊ ያለኝ።»

ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ሙሉ በጉሮሮው የላዮቹን ጉድ እየሰማን ስንስቅ፣ አንዲት ሴት እንኳ የእኛስ ድምፅ የት ይሄዳል ብላ አላሰበችም። ቱቦ ወደ ታች ብቻ የሚያወርድ መስሎን ነበር፤ አንሶላ ወደ ላይ ሲወጣ አይተን አናውቅማ። ክራባት ቢሮው ቁጭ ብሎ፣ ክራባቱን እያስተካከለ፣ የእኛን ዜማ ሲያዳምጥ ኖሯል። አልከሰሰንም፤ ፈተናውን አልቀየረም። ለክፉ ቀን አስቀመጠው።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ እታለምን እዚያው ማሽኖቹ መሀል ያዝኳት።

«ዜማውን አጣመሽ ብትሰጫትስ? ሁለት ፊደል ብትቀያይሪ ምን ነበረበት?»

«እጄ አይችልበትም።»

«እጅሽን ተይው! ያንቺን ሳንባ ነው እኮ የሰጠሻት! ገብቶሻል?»

«ልጅ ናት፣ ሚጢ።»

«አንቺስ? አንቺን ማን ይስጥሽ?»

የትራስ ልብስ እያነሣች ማራገፍ ጀመረች። ሬዲዮ፣ ወሬ የማያመልጣት ሬዲዮ፣ ያን ቀን ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ፎጣዋን ደረደረች። ምሳ ሰዓት ከእታለም ጋር ተቀመጥን። ካመጣነው ዳቦ ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ ገፋች፤ መልሼ ወደ እሷ ገፋሁት፤ ማንም ሳይበላው ደረቀ።

ፈተናው ከምሳ በኋላ በላይኛው የስብሰባ አዳራሽ ነበር። እታለም የሥራ ሽርጧን አውልቃ በቦርሳ ያመጣችውን ሹራብ ለበሰች፤ ፀጉሯን ውኃ አስነካች። ስትመለስ የነገረችኝ ስለ ወንበሩ ነበር። «ቁጭ ስትይበት ወደ ውስጥ ይወስድሻል» አለች። እሷ፣ ልጅቷና ሻንጣ ተሸካሚው ናቸው የተፈተኑት። ተሸካሚው ከእኛ ጋር ስለማይውል ዜማውን አያውቅም፤ እስክሪብቶውን ሲያኝክ ቆይቶ ወጣ። ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ትንሽ ስታንቀሳቅስ ነበር አሉ፤ ትቀርባለች፣ ትርቃለች፤ በሐሳቧ አንሶላ ታጥፋለች። እታለም ጨርሳ እሷን ስታይ ነው ሳሉ የመጣው። «ያዝኩት» አለችኝ፣ «በጉልበቴ ያዝኩት፤ ዕንባዬ እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ ግን አመለጠኝ። ያ ትልቅ አዳራሽ ነው፣ ሲያስተጋባ አንድ መንጋ የሚስል ይመስላል።» ይህን ስትል ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ውጤቱን ማንም መጥቶ አልነገረንም። ማታ ልንወጣ ስንል፣ የመጨረሻዋን ክምር እያጠፍን፣ ጉሮሮው ተናገረ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሯ ተከፍታ ቀርታ ነበር። ሥራ አስኪያጁና ክራባት ያን ክፍል ሊያዩ ወጥተው ይሆናል።

«ሁለቱም ሙሉ አምጥተዋል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ደስ ይላል። ለብዙ ዓመት ያገለገለችው ማን ናት?»

«የምድር ቤቷ ነች፣ ጌታዬ። ጎበዝ ናት፤ አልክድም። ግን ስትስል ሰምተዋታል። እዚህ ፎቅ ላይ እንግዳ አለ። ንጹሕ ልብስ ነው ደግሞ የሚያዘው። እንግዳ ቢያያት ምን ይላል? ሳሏ ሲሻላት ሌላ ጊዜ እናያታለን።»

ማሽኑ ቆሞ ነበርና አንድም ፊደል አልጠፋብንም። ሳሏ ሲሻላት! ሳሉን ማን ሰጣት? ከየት አመጣችው? ከእናቷ ቤት ይዛው መጣች? እንግዶቻቸው የተኙበትን ስታጥብ፣ ያስታወኩበትን ስትቀቅል፣ ነጭ ይሁንላቸው ብላ በረኪና ስትስብ ያገኘችው አይደለም እንዴ? ከእንፋሎቱ እንድትወጣ ሐኪም ያዘዘው ስለምትስል ነው፤ እነሱ ደግሞ ስለምትስል እዚያው እንፋሎቱ ውስጥ ትቆይ አሉ።

«እንግዲያውስ ልጅቷ ሰኞ ትጀምር» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እታለም የአንሶላውን ጫፍ ሰጠችኝ። ዜማውን እንደጨረሰች ዓይነት፣ በእርጋታ። ከዚያ ሄዳ ከጉሮሮው ሥር ቆመችና ወደ ላይ ቀና አለች። ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጩኺ፣ እባክሽ አንዴ ጩኺ እያልኩ በልቤ ለመንኳት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳል ነው። ይዛው የዋለችው ሁሉ ወጣ። ቆርቆሮው ተቀብሎ ፎቅ በፎቅ ወደ ላይ ወሰደው። ላይ ያሉት ድምፆች ቀጥ አሉ። የእርምጃ ድምፅ ቀረበ፤ ከዚያ ያቺ ትንሽ በር ጓ ብላ ተዘጋች።

ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ ቆመን ሄድን። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ መሀላቸው መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሽሮፕ። መብራቱን ሳናበራ ጫማችንን አወለቅን። ጎረቤት ያለ ቴሌቪዥን ይስቃል። እታለም ተናገረች።

«እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንሶላው እስከ እኔ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዴት አድርጌ ውሸት ልበላት?»

«የእኔስ አይንቀጠቀጥም?» አልኳት።

በጨለማው ውስጥ እጇን ዘርግታ እጄን ፈለገች። ሰጠኋት። እስክትተኛ ያዘችው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

እታለም ከምድር ቤቱ አልወጣችም። ክረምቱ ሳያልቅ ሞተች። መጀመሪያ ደም ተፋች፤ ቀጥሎ ሥራ መሄድ አቃታት፤ ከዚያ መነሣት። ሆቴሉ አበባ ላከ። ክራባት አልመጣም፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ።

ለቀስተኛው ተበታትኖ ሬዲዮ ብርጭቆ ስታጥብ ልጅቷ መጣች። የሦስተኛውን ፎቅ የደንብ ልብስ ለብሳለች፤ ልኳ ነው፤ ፊቷ ሞልቷል፤ ቤት ተከራይታ ወጥታለች አሉ። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ አልክደውም። ግቢ አላልኳትም፤ ውጪም አላልኳትም። እኔ የእታለምን አልጋ እየገፈፍኩ ነበር። አንሶላውን ለብቻዬ ይዤ፣ ጫፉ ወለሉን ሊነካ ሲል፣ ልጅቷ ሮጣ ገብታ ከሥር ያዘችው።

ተያየን። አንሶላ በሁለት ሰው ነው የሚታጠፈው፤ ሬዲዮ እጇ እርጥብ ነው፤ ሌላ ማንም አልነበረም። ራቅኩ። ራቀች። ወጠርነው። ያኔ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና በለሆሳስ «ቢ» አለች።

«ዝም በይ» አልኳት።

ያለ ዜማው ስቀርብ ራቀች፤ ስትቀርብ ራቅኩ፤ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። ልታስተካክለው እጇን ሰደደች።

«ተይው!» አልኩ። ሬዲዮ ብርጭቆ ይዛ ቀጥ አለች።

እንደተጣመመ ተቀበልኳትና መደርደሪያው ላይ፣ ከሽሮፑ ጎን አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አንሶላ ማጠፍ እንጀራዬ ነው፤ በቀን ስንቱን አቃናለሁ። ያንን ግን አላቃናውም።